የቢሆንስ በርጩማ

ውድ አባዬ፣

ዓይንህ ፊደል መለየት ካቆመ ወዲህ ደብዳቤ የሚያነብልህ ወንድሜ እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዲህ አንተ ወንድሜ፣ ደስ ያላለህን እየዘለልክ እንዳታነብለት፤ አውቅሃለሁ። ያለውን እንዳለ አንብብ። ጮክ ብለህም አንብብ፤ ጆሮውም እንደ ድሮው አይደለም ብለኸኛል።

አባዬ፣ "ምን በድያት ነው ስልኬን የማታነሳው?" ብለሃል አሉ። ምንም አልበደልከኝም። ደክሞኝ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ሳነሳ እውልና ያንተ ሲጠራ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ ስትደውል ስለ እኔ አትጠይቅም። "ዳቦ ጋጋሪው የጭስ ማውጫውን አስጠረገ ወይ? ባለጋራዡ ጎማዎቹን ከግድግዳው አራቀ ወይ?" ነው የምትለው። ልጅህ በልታ ትዋል ጦሟን ትደር፣ እሱ ከጎማው በኋላ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ሳንደርስ ደግሞ የስልክህ ሒሳብ ያልቃል። ዛሬ እሑድ ነው። ውጭው ዝናብ ነው። እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የሆነውን ሁሉ ልነግርህ ተቀምጫለሁ።

ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሱቋ ተቃጠለባት። አትደንግጥ፣ ሰው አልተጎዳም። ወንድሜ፣ ውሃ ስጠው።

መቼም እሷን አትረሳትም። ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ያለችው ጠባብ ሱቅ። የትምህርት ቤት ልብሴን "ታድግበታለች" እያለች አስፍታ የምትሰፋልኝ፣ እኔ ሳላድግበት ልብሱ የሚያልቀው። ባለቤቷ ከአልጋ ከዋለ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ከዚያች ክፍል ነው የሚበላው። አንተ ስንት ጊዜ ደጇን ረገጥክ! "እትዬ፣ ካውያው እንደተሰካ ቢረሳስ?" ስትላት "አፍህን ቁርጥማት ይብላው! ሌላ የምታሟርትበት ደጅ አጣህ?" ብላ ታባርርሃለች። በማግስቱ ደግሞ ትሄዳለህ። "ቢረሳስ፣ እትዬ?" ሰፈሩ "ቢሆንስ" የሚል ስም ያወጣልህ እዚያ ደጅ ላይ ነው ይባላል። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ የቢሆንስ ልጅ ነኝ። የራሴን ስም የሚያውቀው ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው።

በመጨረሻ "እንዲያው ከደጄ እንዲነሳልኝ ብዬ ነው" ብላ በአንተ በወኪሉ በኩል ኢንሹራንስ ገባች። ያን ቀን አብሬህ ነበርኩ። እንደ ልማድህ የምንከፍለውን ትተህ የማንከፍለውን አስቀድመህ ነገርካት። "ማሽኖችሽ፣ ጠረጴዛሽ፣ ክፍሉ ራሱ፣ እሺ። የደንበኛ ጨርቅ ግን የለበትም። የሰው ሙሽራ ልብስ ቢቃጠል ከእኛ እንዳትጠብቂ" አልካት። "አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ እየተናገርክ ማን ነው የሚገዛህ?" አለችህ። እኔም በልቤ ይህንኑ ስል ነበር።

አሁን ስለ በርጩማህ ልናገር ነው። ቁጣህን ያዝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ሰፈር ውስጥ እሳት ተነሳ በተባለ ቁጥር በርጩማህን በብብትህ ይዘህ ትወጣለህ። እሳት አጥፊዎቹ ቱቧቸውን ጠቅልለው ሳይጨርሱ አንተ የተቃጠለው ቤት በር ላይ በርጩማህን ተክለህ ቁጭ። ጎረቤት ባልዲና መጥረጊያ ይዞ ሲመጣ "አይገባም" ትላለህ። ባለቤቱ እያለቀሰ "ኧረ ጋሼ፣ ቢያንስ ድስቶቼን ላውጣ" ሲልህ "አንተም አትገባም" ትላለህ። የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች መጥቶ በዓይኑ እስኪያይ ድረስ፣ ዛሬም ይምጣ ከነገ ወዲያ፣ ከዚያ ንቅንቅ የለም። እናቴ ምሳህን በሳህን ሸፍና ታመጣልህና አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። "ምን ዓይነት ጨካኝ ነው! ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው እርዳታ ይከለከላል?" ሲሉ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስሰለፍ ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ምን ሲያወሩ እንደነበር ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም።

አንድ ቀን እናቴ "እባክህ፣ ሰው ምን ይለናል?" አለችህ። "ይበላ" አልካት፣ ካልሲህን እያወለቅክ። ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ለማንም አስረድተህ አታውቅም።

የተመረቅኩ ዕለት ደግሞ የእህል መጋዘኑ ተቃጠለ። የመጣኸው አዳራሹ ባዶ ሆኖ ወንበር ሲሰበሰብ ነው፤ ጭስ ጭስ እየሸተትክ፣ በርጩማህን በብብትህ ይዘህ። ፎቶው ይኸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከእኔ ይልቅ በርጩማው ጎልቶ ይታያል። አሁንም ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። ረስቼዋለሁ ብዬ አልዋሽህም።

የወኪልነቱን ሥራ ለእኔ አስረክበህ ወደ ወንድሜ ቤት የሄድክ ዕለት በርጩማውን ቢሮው በር ላይ አስቀምጠህ "ይሄ እዚሁ ይቅር፣ ያስፈልግሻል" ስትለኝ፣ "ኧረ ይዘህልኝ ሂድ! እኔ የፍርስራሽ ዘበኛ አልሆንም" ብዬ በእጄ አንስቼ ሻንጣህ ላይ ጫንኩት። አሁን አልጋህ አጠገብ መድኃኒትህን ታስቀምጥበታለህ አሉ።

እትዬ የተቃጠለባት ጊዜ እኔ ከተማ ውስጥ አልነበርኩም። ዋናው መሥሪያ ቤት የየሰፈሩን ወኪሎች በሙሉ ለሁለት ቀን ስብሰባ ጠርቶን፣ አዳራሹ ውስጥ ስልክ አጥፉ ተብለን ተቀምጠናል። ሰብሳቢው ዘናጭ ነው፤ ንግግሩም ዘናጭ። "የሰፈር ወኪል ጊዜው አልፎበታል ለማለት ሳይሆን" ብሎ ጀመረ። "ለማለት ሳይሆን" ያለ ሰው ሁልጊዜ ያንኑ ለማለት ነው። ከእንግዲህ ደንበኛ በስልኩ የተላከለትን አጭር ቁጥር ይደውላል፤ ቀንም ሌትም የሚያነሳ አለ፤ የፈለገ ወኪል ይቀጥል፣ ያልፈለገ ደንበኞቹን ያስረክብና ይረፍ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወኪል "ውጡ ለማለት ይሄን ሁሉ ሻይና ብስኩት ምን አስወጣቸው?" ብለው አጉረመረሙ።

እኔ ግን አባዬ፣ ደስ አለኝ። እፎይ አልኩ። የሰው ቱቦ ሲፈነዳ ለእኔ፣ የሰው መኪና ሲጋጭ ለእኔ፣ ሐኪም ቤት የሚጠየቀው ወረቀት ሲጠፋ ለእኔ ነው የሚደወለው። ባለፈው ሰሞን አንዱ ሚስቱ ጥላው ሄዳ ደውሎልኛል፤ "ይሄም ውስጡ አለበት እንዴ?" ብሎ። የለበትም አልኩት። ግን አንድ ሰዓት ያህል አዳመጥኩት፤ ምን ይደረግ። በአውቶቡስ ስመለስ መስኮቱን ተደግፌ የማስረክብበትን ወር እየመረጥኩ ነበር። ከዚያ ስልኬን ከፈትኩ፤ የእትዬ ሱቅ ተቃጠለ የሚል መልእክት ጠበቀኝ።

ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ሱቋ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። የጭስ ሽታ ስጠብቅ የቀለም ሽታ ተቀበለኝ። ሱቁ ጋ ስደርስ ዓይኔን አላመንኩም። ነጭ ነው! ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ነጭ፣ ወለሉ በሳሙና ታጥቦ ያብለጨልጫል። ሰፈሩ በሙሉ ደጁን ከቦ ቆሟል፤ ፊቱ በቀለም ተዥጎርጉሮ ይስቃል።

"የቢሆንስ ልጅ! ነይ እዪ እንጂ!" አለኝ ቀለም ቀቢው ከመሰላሉ ላይ። "ሦስት እጅ ነው የቀባሁት!"

"እንኳን ተቃጠለ ያሰኛል" አለ ባለጋራዡ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ።

"ማሽኖቹስ?" አልኩ።

"አወጣንላት! ያን ዓመድ እያየች ልቧ ይቁሰል እንዴ? እንጨቱን የቆሻሻ መኪና ወሰደው፣ ብረቱን ብረት ገዢው" አለ እሱው።

አንተ ብትኖር በርጩማህን የምትተክልበት ደጃፍ ላይ፣ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ነው ብለው አጨበጨቡልኝ።

ሰዉ ሲበተን እትዬን ለብቻዋ አገኘኋት። "አጭሩ ቁጥር ላይ አልደወልሽም?" አልኳት።

"ደወልኩ እንጂ ልጄ። አንዲት ጨዋ ልጅ አነሳች። 'አይዞዎት እናቴ' አለችኝ። 'ገማች እስኪመጣ ምንም እንዳይነኩ፣ ማንንም እንዳያስነኩ' አለችኝ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ባለጋራዡ ባልዲ ይዞ ቆሟል። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን አጥፍቶ መጥቷል። ቀለም ቀቢው የጀመረውን የሰው ሥራ ጥሎ መጥቷል። ምን ልበላቸው? 'አትርዱኝ፣ ውጡልኝ' ልበል? ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" ከዚያ "አባትሽ ቢኖር እሱ ይልልኝ ነበር" አለችኝ። "እኔም ከሰዎቹ ጋር ሆኜ እረግመው ነበር።"

አባዬ፣ እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ አልቅሻለሁ፤ ወረቀቱ ቢጨማደድ ለዚያ ነው። እኔ ያ በርጩማ የድርጅቱን ብር የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ሰዉም እንደዚያ ነበር የሚመስለው። ለካ አንተ እዚያ የምትቀመጠው እምቢ ማለት ለማይሆንለት ሰው እምቢ ልትልለት፣ ስድቡንም ልትጠጣለት ኖሯል። ታዲያ ምን ነበረበት ይህን አንድ ቀን ብትነግረኝ? እራት ላይ እንኳ ቢሆን? እናቴስ ይህን ሳታውቅ መሞት ነበረባት? እወድሃለሁ፤ ግን በዚህ በዚህ በጣም ታበሽቀኛለህ።

በማግስቱ ገማቹ ከሰዓት በኋላ ይመጣል ተባልን። ጠዋት እኔና እትዬ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትን ብረት ገዢው ጋ ሄድን። "የተቃጠለ ብረት የሚሸጥልኝ ሞልቷል፤ የተቃጠለ ብረት ናፍቆት የሚመጣብኝ ግን ዛሬ ገና አየሁ" አለን። ማሽኖቹን በመዶሻ ሰባብሯቸዋል። እትዬ ክምሩ ውስጥ እጇን ሰደደችና አንድ መዘውር አወጣች። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "ይሄ የእኔ ነው። ይህቺን ስንጥቅ ባለቤቴ ነው የበየዳት፣ ደህና በነበረ ጊዜ" አለች። ሰውዬው ቀልዱን አቆመ። ስብርባሪውን በሙሉ በገዛ ጋሪው ጭኖ እየገፋ ሱቋ ድረስ አመጣልን።

ገማቹ ክፉ ሰው አይደለም። ጫማው እንደ እኔ ጫማ ተረከዙ ያለቀ፣ እንደ እኔ ለምሳ ያልደረሰ ሰው ነው። ሱቁ መሃል ቆሞ ዞር ዞር እያለ አየና "የተቃጠለው ሱቅ የትኛው ነው?" አለ። እየቀለደ አልነበረም።

ሁሉም በአንድ አፍ መናገር ጀመረ። አንዱ የተቃጠለውን ጠረጴዛ እንዴት እንደተሸከመ፣ አንዱ ውሃ እንዴት እንዳመላለሰ። ስብርባሪውን አሳየነው። አገላብጦ አየና "ይሄ የመዶሻ ሥራ ነው" አለ።

"ጥላሸቱስ?" አልኩ።

"ጥላሸት ምድጃም ላይ አለ እህቴ።" ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። "ስሙኝ። እሳት ነበር፣ አልክድም፤ እሳት አጥፊም መጥቶ አጥፍቷል። የቱን ያህል እንደበላ ግን ምን አይቼ ልጻፍ? አንድ መጋረጃ ይሁን ሙሉ ሱቅ በምን ልወቅ? እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያየሁት ደግሞ አዲስ ሱቅ ነው።"

"ሰው ሲቃጠልበት እጃችንን አጣጥፈን እንይ?" አለ ባለጋራዡ።

"አላልኩም" አለና ወደ እኔ ዞረ። "ወኪሏ አንቺ ነሽ። ከመጽዳቱ በፊት በዓይንሽ አይተሽዋል? አይቻለሁ ብለሽ ከፈረምሽልኝ ያንቺን ይዤ እጽፋለሁ።"

መንገድ ከፈተልኝ አባዬ። ሆን ብሎም ይመስለኛል። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ተተከለ። "አይቻለሁ በያ!" አለኝ ዳቦ ጋጋሪው በሹክሹክታ፤ የሱ ሹክሹክታ ደግሞ መንገድ ማዶ ይሰማል። "ምን ይጎዳሻል? ተቃጥሏል አይደል እንዴ? ውሸት ተናገሪ አላልንሽ!"

እትዬ አላለችኝም። እጆቿን አጣምራ ታየኝ ነበር። ያ አስተያየት ከዳቦ ጋጋሪው ንግግር ይበልጥ ከበደኝ። ጻድቅ ሆኜ እንዳይመስልህ፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዛሬ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ከፈረምኩ፣ ነገ የዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ሲፈነዳ ያየሁትን አየሁ ስል ማን ያምነኛል? ፊርማዬ ለእነሱ የሚጠቅማቸው እስካልዋሸ ድረስ ነው። ይህን ለማስረዳት ደግሞ አቅም አልነበረኝም። ያንተ ዝምታ ለካ እንደዚህ ነው የሚጀምረው።

"አላየሁም" አልኩ።

"እንደ አባቷ ናት፤ ድንጋይ" አለ ባለጋራዡ። እትዬ ፊቷን ከእኔ አዞረች፤ ወደ ግድግዳው። ያቺ ሴት ማሽን ከሌላት ነገ ምን እንደምትሠራ አላውቅም ነበር፤ እሷም አታውቅም ነበር።

እሷ ወዳየችበት አየሁ። ከራሷ በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ በነጩ ቀለም ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ነገር ወጥቷል። ዝናቡ ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ። ከዚያ ያንተ ነገር ትዝ አለኝ። የመጋዘኑን ግድግዳ እያሳየህ "ጥላሸት ካልታጠበ ቀለም አይሸፍነውም፤ ቀስ እያለ ይወጣል" ብለኸኝ ነበር። እኔ ያኔ የምሰማህ አልመሰለኝም፤ ተቀይሜህ ነበርና። ጆሮዬ ግን ሰምቶ አስቀምጦልኛል።

ቀለም ቀቢውን ፈለግኩት። ከሰዉ ሁሉ በላይ ሲጮህ የነበረ ሰው አሁን በሩ ጥግ ቆሞ ወለሉን ያያል።

"ጋሼ" አልኩት ቀስ ብዬ፣ "ሳትቀባው በፊት አጥበኸው ነበር?"

ይህ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። "ቀለም የሚቀባ ሞልቷል፤ ሥራው ያለው ከቀለሙ በፊት ነው" እያለ በየቤቱ የሌላውን ሥራ ሲያናንቅ የኖረ ሰው ነው። የእኛን ቢሮ ሲቀባ ሦስት ቀን ግድግዳ ሲያጥብ "ጨርስ እንጂ ሰውዬ!" ብለህ ተቆጥተኸዋል። ፊቱ ጠቆረ። "ሦስት እጅ ነው..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"አላጠብኩትም" አለ። "እስኪመሽ ጨርሰን ልናስደስታት ቸኮልን። እላዩ ላይ ነው የለጠፍኩበት። እንደ ጀማሪ።"

ከኪሱ መፋቂያውን አወጣ። መሰላሉን አቆመና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የገዛ ሥራውን መፋቅ ጀመረ። ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም፤ እንደ ድንች ልጣጭ እየተንጠለጠለ ወረደ። ከሥሩ ከሰል የመሰለ ጥቁር ግድግዳ ወጣ። ጣሪያው ድረስ ፋቀ፣ ጥቁር። በሩ ጋ ፋቀ፣ ጥቁር። ማሽኖቹ ተደርድረው የነበሩበት ግድግዳ ላይ ሲደርስ ግን እሱ ራሱ እጁን አቆመ። በጥቁሩ መሃል ነጣ ነጣ ያሉ ምልክቶች ተራ በተራ ወጡ። ማሽኖቹ ጭሱን ከልለው ያስቀሯቸው ቦታዎች ናቸው። የማሽን አንገት ያለው፣ የማሽን ሆድ ያለው። አምስቱም።

"ያቺ የመጨረሻዋ የጨርቅ ጠርዝ መዘምዘሚያዋ ናት" አለች እትዬ፣ በጣቷ እያመለከተች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆኖ ነበር።

ገማቹ ኮቱን አወለቀ። ካሜራውን አወጣ። "ከእንግዲህ ማንም ምንም እንዳይነካብኝ" አለ።

እኔም ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። የሚቀመጥበት ነገር አልነበረም፤ ቆምኩ። ገማቹ እየለካ፣ ፎቶ እያነሳ፣ ያንን ስብርባሪ ከምልክቶቹ ጋር እያስተያየ እስኪመሽ ቆየ። ዳቦ ጋጋሪው መጥረጊያ ይዞ መጣ። የቀለሙ ልጣጭ ወለል ላይ ተበትኖ ማየት አላስቻለውም፤ ልቡ ደግ ነው። "አይገባም" አልኩት። "ኧረ እሱን ብቻ ጠርጌ..." "አይገባም አልኩህ እኮ!" አፍጥጦ አየኝ። "እሺ ቢሆንስ" አለና መጥረጊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተመለሰ። ደጁ ላይ የቆሙት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ምን እንዳሉኝ ነገ ዳቦ ስገዛ እሰማዋለሁ።

ተከፈላት አባዬ። የማሽኖቹ፣ የጠረጴዛው፣ የጣሪያው። የደንበኞቿ ጨርቅ አልተከፈለም። ያ ነው ያስፈራኝ፤ ሄጄ ልነግራት ስል ግን አስቀደመችኝ። "ያኔ ነግሮኛል እኮ አባትሽ። ጨርቁ የለበትም ብሎኛል" አለችኝ። ባለ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ጠርታ "የእጅ ዋጋ ሳልጠይቅ እሰፋላችኋለሁ" ብላ ተስማማቻቸው። ባለጋራዡም እየተቅለሰለሰ መጥቶ "ድንጋይ ያልኩሽ በንዴት ነው" አለኝ። ቀለም ቀቢው ግድግዳውን በሙሉ አጥቦ፣ አድርቆ፣ እንደገና ቀብቶታል። አራት እጅ። ሰው ሲጠይቀው "መጀመሪያ አጠብኩት" ይላል፤ ሳይጠይቁትም ይላል።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ያ ዘናጭ ሰውዬ ደውሎ "ደንበኞችሽን መቼ ታስረክቢናለሽ?" አለኝ። ስልኩን የምታነሳዋ ልጅ ጎበዝ ናት አልኩት፤ ለእትዬ ማለት ያለባትን ሁሉ ብላለች፤ በር ላይ መቀመጥ ግን አትችልም። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። "እንግዲህ ትቀጥያለሽ ማለት ነው?" አለ። "እንግዲህ ምን ይደረግ" አልኩት።

ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። ደክሞኛል። እግሬ አብጧል፣ ውሃውም ቀዝቅዟል። ነገ ጠዋት የባለመድኃኒት ቤቷን ውል ማደስ አለብኝ፤ እሷም እንደ ሁልጊዜው "ምን ይሆናል ብለሽ ነው?" ልትለኝ ነው፤ እኔም "ቢሆንስ?" ልላት ነው። "አፍሽን ቁርጥማት ይብላው!" ትለኛለች። እለምደዋለሁ።

ከእንግዲህ ስትደውል አነሳለሁ፤ ቃሌ ነው። ግን መጀመሪያ "በላሽ ወይ?" በለኝ። ከዚያ ወደ ጎማው እንሄዳለን። አላራቀውም ባለጋራዡ፤ እየነገርኩት ነው።

ወንድሜ፣ ለአባዬ መድኃኒት ማስቀመጫ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ግዛለት። አባዬ፣ በርጩማውን ላክልኝ። ቆሞ እምቢ ማለት እግር ያሳብጣል።

ልጅህ፣
የቢሆንስ ልጅ